ከካራማራ ወደ እርፉ የተመለሰ ሰው

ይህ ጽሑፍ በ1970 በሶማሊያ ወራሪ ጦር ላይ የተገኘው የካራማራ ድል በሚታሰብበት በየካቲት ወር፣ መሀል አዲስ አበባ ቸርችል ጎዳና አካባቢ በተደረገ አንድ የመታሰቢያ ምሽት ላይ ያሰማሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ቦታ ላይ አስተካክዬዋለሁ።

ክቡራንና ክቡራት፣ እንደምን አመሻችሁ።

ከእኔ በፊት የተናገሩት አባቶች ስለ ጦሩ አሰላለፍ፣ ስለ ታንኩና ስለ አውሮፕላኑ በደንብ ነግረዋችኋል። እኔ የጦር ሰው አይደለሁም። የመጣሁት ስለ አንድ ሚሊሻ ልነግራችሁ ነው። የሚንጃር ገበሬ ነበር። በ1969 ዘምቶ በ1970 ተመለሰ። አምና አረፈ። አባቴ ነው።

በአካባቢያችን ሰው ሁሉ "ዘማቹ" ይለው ነበር። ጦር ሜዳ የቆየው ግን ዓመት አይሞላም። ከዚያ በኋላ ከ40 ዓመት በላይ አርሷል፣ ልጆች አሳድጓል፣ ጎረቤት አስታርቋል። ስለ እነዚያ 40 ዓመታት የሚጠይቀው ሰው አልነበረም። እንግዳ ሲመጣ ጥያቄው አንድ ነው፤ "ካራማራ እንዴት ነበር?" እሱም ትንሽ ይናገርና ወሬውን ወደ ዝናቡ ወይም ወደ ጤፉ ያዞረዋል። ልጅ ሳለሁ ትሕትና ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ሌላውንም ዕድሜዬን ጠይቁኝ ማለቱ ነበር።

ከዚህ አዳራሽ ወጥታችሁ ጥቂት ብትራመዱ፣ ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት የትግላችን ሐውልት አለ። አብዮቱ 10ኛ ዓመቱን ሲያከብር፣ በመስከረም 1977 የተመረቀ ነው። በዚያ ጦርነት ለወደቁት ኢትዮጵያውያንና ኩባውያን መታሰቢያ የቆመ። እኔም በየዓመቱ የካቲት 26 እሄዳለሁ። ሐውልት ለወደቁት መቆሙ ተገቢ ነው። በሕይወት ተመልሶ እርፉን የጨበጠ ሰው ግን ሐውልት የለውም። እሱ ያለው ልጅና ጎረቤት ብቻ ነው። ስለዚህ እኛ ካልተናገርንለት ማንም አይናገርለትም።

የአባቴ ታሪክ የሚጀምረው ከጦርነቱ አይደለም። ከመሬት ነው። አያቴ ጭሰኛ ነበር። የሚያርሰው መሬት ባለቤት አዲስ አበባ ነበር የሚኖረው። አያቴ ካመረተው ላይ ሲሶውን ለባለ መሬቱ ይከፍላል። አሥራት አለ። በበዓል ሙክት፣ ማርና ቅቤ ይዞ መምጣት አለ። አባቴ በልጅነቱ ያንን ሙክት እየነዳ ከአያቴ ጋር ይሄድ ነበር። ባለ መሬቱ ክፉ ሰው እንዳልነበሩ ደጋግሞ ይነግረናል። ዳቦ ሰጥተውት ያውቃሉ። "ግን መሬቱ ላይ ዛፍ መትከል አንችልም ነበር" ይላል። ዛፍ የተከለ ጭሰኛ የእኔ ነው ማለት ሊጀምር ይችላላ! ይህን ሲናገር ድምፁ ይለወጣል። ስለ ጥይት ሲያወራ እንኳ እንዲያ አይሆንም።

ተማሪዎች "መሬት ለአራሹ" ብለው እዚሁ አዲስ አበባ ሰልፍ የወጡት በ1957 ነው። እኛ ሰፈር ወሬው የደረሰው ብዙ ዘግይቶ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 አዋጁ ታወጀ። የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ። አንድ ቤተሰብ እስከ 10 ሄክታር መያዝ እንደሚችል ተነገረ። ለዕድገት በኅብረት የዘመቱ ተማሪዎች መጥተው ገበሬ ማኅበር አደራጁ። ለአባቴ የደረሰው ከ10 ሄክታር እጅግ ያነሰ ነው። መሬቱ ለሁሉም አይበቃም ነበርና። ግን የራሱ ነው። በመጀመሪያው ክረምት ያደረገውን እናቴ ናት የነገረችኝ። ጤፍ ሳይዘራ በፊት በድንበሩ ላይ የግራር ችግኝ ተከለ።

ሁለት ዓመት አለፈ። በሚያዝያ 1969 "የእናት ሀገር ጥሪ" ታወጀ። ገበሬ ማኅበሮች ሚሊሻ እንዲያዋጡ ታዘዙ። የእኛም ማኅበር ተሰብስቦ ስም ጻፈ። አባቴ ያኔ ሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ሚስትና ሦስት ልጆች አሉት። ሁለተኛዋ እኔ ነኝ።

በግድ ሄደ ወይስ በፈቃዱ? ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው ያነሳብኛል፤ በተለይ ወጣቶች። በማኅበሩ ስብሰባ ላይ እጁን ያወጣው ራሱ ነው። ግን እሱ እጁን ባያወጣ ኖሮ ስሙ አይጻፍም ነበር ማለቴ አይደለም። ይጻፍ ነበር። እሱ የሚሰጠው ምክንያት አጭር ነው። "መሬት የተሰጠኝ ትናንት ነው። ሀገሩ ከተወሰደ መሬቱ የት ይቀራል?" ደርግን ወዶ አያውቅም። የሚጠላበትን ምክንያት ኋላ እነግራችኋለሁ። ግን መሬቱን ማን እንደሰጠው አልካደም። ሁለቱን ባንድ ላይ ይዞ መኖር ይችል ነበር። ለእኔ ትልቅነቱ ይሄ ነው።

ታጠቅ ጦር ሰፈር ገባ። በአምቦ መንገድ፣ ከከተማው በስተምዕራብ። ስሙ ከአፄ ቴዎድሮስ የፈረስ ስም የመጣ ነው። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ገበሬ እዚያ ሠልጥኗል። ግራና ቀኝ እያሉ መራመድ ከባድ እንደነበር ይነግረን ነበር። ያረሰ ሰው የበሬውን እርምጃ ነው የሚከተለው። መኮንን ሲጮህበት እግሩ ይጠፋዋል።

በሰኔ 1969 ሠልጣኙ ሚሊሻ በአብዮት አደባባይ፣ በዛሬው መስቀል አደባባይ ሰልፍ አሳየ። አባቴ አዲስ አበባን እንደገና ያያት ያን ቀን ነው። የባለ መሬቱ ቤት የነበረባትን ከተማ ማለት ነው። ቀና ብዬ ለማየት እንኳ አልቻልኩም ይላል፤ ከፊቱ ያለውን ሰው ጀርባ ብቻ ነበር የሚያየው።

በሐምሌ የሶማሊያ ጦር በሙሉ ኃይሉ ወረረ። የባቡሩ መስመር ተቆርጦ ስለነበር ከለገሃር የሚነሳ አልነበረም። በመኪና ተጭነው በአዋሽ አድርገው ወደ ሐረርጌ ሄዱ። መስከረም 1970 ላይ ጅጅጋ ተያዘች። ጦሩ ወደ ሐረር አፈገፈገ። አባቴ ያለበት ሻለቃ ሐረር ዙሪያ ምሽግ ቆፍሮ ተቀመጠ። ኮቾሮ እየበሉ፣ የኮዳ ውኃ ለሦስት እየተካፈሉ። ከኅዳር ጀምሮ የሶቪየት መሣሪያ በአየር ይገባ ጀመር። ኩባውያን መጡ። ከዚያ ማጥቃቱ ጀመረ። ይህን ሁሉ ከእኔ በፊት ሰምታችኋል፤ አላረዝመውም።

የእኔ አባት ስለ ሐረርጌ የሚያወራው ስለ ማሽላው ነው።

የሐረርጌ ማሽላ ሰው ይውጣል። ሚሊሻው እዚያ ውስጥ ይደበቃል፣ ይሳባል፣ ይተኩሳል። ወሩ ኅዳር ነበር። እሸቱ አልፎ ለአጨዳ የደረሰ ማሽላ። ባለቤቶቹ ቤታቸውን ጥለው ሸሽተዋል። አባቴና ጓዶቹ ያንን አዝመራ ረግጠው አለፉ። አንድ ቀን አይደለም፤ ብዙ ቀን። ታንክ ሲያልፍበት ደግሞ የሚተርፍ ነገር የለም። "የሰው አዝመራ ነው የረገጥኩት" ይል ነበር። ጥይት ሲተኩስ ይፈራ ነበር፤ ግን ያዘዙት ነገር ነው። ማሽላውን ሲረግጥ ግን ገበሬነቱ ይመጣበታል። ማን ዘራው? በስንት እርሻ? ልጆቹ ምን ይበላሉ?

ከዘመቻ ሲመለስ ወደ ንስሐ አባቱ ሄደ። ካህኑ ኋላ ለእናቴ እንደነገሯት፣ እሱን ስለ ጠመንጃው ሊጠይቁት ተዘጋጅተው ነበር። እሱ መጀመሪያ ያነሳው ማሽላውን ነው። ካህኑ ቀኖና ሰጡት። በየዓመቱ አውድማ ላይ፣ ምርቱ ወደ ጎተራ ሳይገባ፣ አንድ ቁና ለደሃ እንዲሰጥ። የቀኖናው ጊዜ በጥቂት ዓመት አለቀ። እሱ ግን አላቆመም። በድርቁ ዘመን እንኳ ሰፍሮ አውጥቷል። እኛ ልጆቹ "የማሽላው ቁና" እንለው ነበር። የምንሰፍረው ጤፍ ነው፤ ስሙ ግን የማሽላው ነው።

የቆሰለው ካራማራ ላይ ነው። ከሐረር ወደ ጅጅጋ ስትሄዱ መንገዱ የሚሰነጥቀው ተራራ። ጅጅጋ ነፃ የወጣችው የካቲት 26 ቀን 1970 ነው። እሱ ጅጅጋን አላያትም። ከዚያ ቀደም ብሎ ፍንጣሪ ቀኝ እጁን መታው። ሌባ ጣቱና የመሀል ጣቱ ሄዱ። ምላጭ የሚስብ ጣት ስለሌለው ለጦር አይሆንም ተባለ። ጓዶቹ ከዚያ በቀጥታ ወደ ሰሜን ተላኩ። ብዙዎቹ እዚያ ቀሩ። እሱ ወደ ቤቱ ተሰናበተ። "ሁለት ጣት ከፍዬ ልጆቼን አየሁ" ይል ነበር። በዚህ አልቀለደም፤ ሒሳቡን አስልቶ ነው የተናገረው።

ቤት ሲደርስ ሰኔ ነበር፤ የእርሻ ወቅት። እሱ በሌለበት ጊዜ ገበሬ ማኅበሩ የዘማች ቤተሰብ መሬት እያረሰ ነው የቆየው። ያ ውለታ ነው። ግን የማኅበር እርሻ የማኅበር እርሻ ነው። ጤፍ አራት አምስት ጊዜ ታርሶ መሬቱ መለስለስ አለበት። እነሱ ሁለት ጊዜ ገልብጠው ይዘሩታል። እናቴ የሰው ምስጋና ሳታጓድል፣ ማታ ማታ ብቻዋን እያረመች ነው ያቆየችን።

አባቴ በዚያ እጅ እርፍ መያዝ ነበረበት። ቀድሞ እርፉ በቀኝ፣ ጅራፉ በግራ ነበር። አሁን ገለበጠው። በሬዎቹም ግራ ገባቸው። ጅራፉ ከለመዱት ወገን አይደለም የሚመጣው። ያን ክረምት ትልማችን ሁሉ ጠማማ ነበር። ጎረቤት እያየ ዝም ይላል። በሚቀጥለው ዓመት ቀጥ አለ።

ከባዱ አጨዳው ነበር። በደቦ ሲታጨድ ሰው ጎን ለጎን ይሰለፋል። ሁሉም ማጭዱን በቀኝ ይይዛል። በግራ የሚያጭድ ሰው መሀል ከገባ ጎረቤቱን ሊቆርጥ ይችላል። ስለዚህ አባቴ ሁልጊዜ ዳር ይይዝ ነበር። ከዓመታት በኋላ የሰፈሩ ደቦ ሲሰለፍ ማንም ሳይነገረው የግራውን ዳር ለእሱ ይተውለታል። ክብር ማለት ለእኔ ይሄ ነው። ሜዳሊያ አልሰጡትም፤ ዳሩን ሰጡት።

ስለ ደብዳቤው ልንገራችሁ።

አባቴ ሲዘምት ማንበብና መጻፍ አይችልም። እናቴም አትችልም። ከምሽግ ደብዳቤ ይልካል፤ የሚጽፍለት አንድ አሥር አለቃ ነው። ደብዳቤው ገበሬ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይደርሳል። እዚያ አንድ ተማሪ ለተሰበሰበው ሰው ሁሉ ጮክ ብሎ ያነበዋል። "ከናፍቆታችሁ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ" ይላል። ከዚያ ስለ በሬው፣ ስለ ዘሩ፣ ስለ ብድሩ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ታዳምጣለች። ለሚስቱ ሊላት የፈለገውን ለአሥር አለቃው መናገር አፍሮ ነበር። እሷም የምትመልሰውን ለተማሪው መንገር ታፍራለች። ያን ሁሉ ወራት በሁለት ሰው አፍ ተነጋገሩ። ሁለቱም አንድ ቀን እንኳ የልባቸውን አልተናገሩም።

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሐምሌ 1971 ሲጀመር መጀመሪያ ከተመዘገቡት አንዱ እሱ ነው። ዘመቻው ኋላ ላይ እስከ 15 ቋንቋዎች ደርሶ ነበር፤ ዓለም አቀፍ ሽልማትም አግኝቷል። ስለዚያ ሥርዓት ብዙ መጥፎ ነገር ማለት ይቻላል፤ እኔም እላለሁ። ስለዚህ ዘመቻ ግን ክፉ ቃል ከአፌ አይወጣም። አባቴ ቀን አርሶ ማታ በኩራዝ ሀ ሁ ቆጠረ። እርሳሱን በግራ እጁ ነው የያዘው። እናቴንም አብራው እንድትማር አደረገ። ልጆቹን እሱ ይዞ፣ ምድጃው ላይ ያለውን ወጥ እሱ እየጠበቀ። የሚንጃር ወንድ በ1971 ምድጃ ጠበቀ ስላችሁ አንዳንዶቻችሁ ትጠራጠራላችሁ። እኔ ሰባት ዓመት አልፎኝ ነበር፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ጎረቤት ሲስቅበት "ምሽግ ውስጥ ማን ያበስልልኝ ነበር?" ይላል።

ከሐረርጌ ሌላም ነገር ይዞ መጣ። እርከን። እዚያ ገበሬው ዳገቱን በድንጋይ እየደረደረ መሬቱን እንዴት እንደያዘው አይቷል። ምሽግ ሲቆፍሩ አንዳንዱን ድንጋይ ያነሱት ከዚያ ካብ ላይ ነው፤ ይህም ይቆጨዋል። የእኛ መሬት ግማሹ ሜዳ፣ ግማሹ ተዳፋት ነው። ተዳፋቱ በየክረምቱ እየታጠበ ነበር። በየበጋው ጥቂት ጥቂት እየካበ በስምንት በዘጠኝ ዓመት ጨረሰው። መጀመሪያ ላይ ሰው መሬትህን ለድንጋይ ሰጠኸው አለው። ኋላ ላይ ከእሱ ላይ እየተማረ ብዙ ሰው ካበ። ከጦር ሜዳ ጠመንጃ ይዞ የመጣ አለ፤ አባቴ ይዞ የመጣው ይህንን ነው።

አሁን ደርግን የጠላበትን ልንገራችሁ። አንዱ ኮታው ነው። ከገበያው ዋጋ በታች እህሉን ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት እንዲያስረክብ ይገደዳል። ምርቱ ያነሰበት ገበሬ ኮታውን ለማሟላት ከገበያ በውድ ገዝቶ በርካሽ ያስረክባል። አባቴም ይህን አድርጓል። "ሲሶው ተመለሰ" ነበር ያለው። ኮታው የቀረው በ1982 ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ነው።

ሁለተኛው ግን ከዚህ ይብሳል። በ1975 የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ወጣ። ወንድሜ 18 ዓመት የሞላው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። የቀበሌው ሰዎች አባቴን አማካሪ አድርገው ጠሩት። ካራማራ የዘመተ ሰው ልጁን በፈቃዱ ቢሰጥ ሌላው ይከተላል ብለው። እሱ በስብሰባው መሀል ቆሞ "እኔ የሄድኩት ልጄ እንዳይሄድ ነው" አላቸው። ሌላ ቃል አልጨመረም። ወጥቶ ሄደ።

ወንድሜን በሌሊት አፍሰው ወሰዱት።

ስለነዚያ ዓመታት ብዙ መናገር አልችልም። አባቴ ማታ ማታ ሬዲዮ ያዳምጣል። የቦታ ስም ሲጠራ ይነሳል፤ ይቀመጣል። እናቴ ፊት አያለቅስም። ግንቦት 1983 ጦሩ ሲበተን ወታደሩ በእግሩ ወደየሀገሩ ይጎርፍ ጀመር። ብዙው ጫማ የለውም። በመሀል ከተማም ቢሆን ያኔ ነፍስ ያወቃችሁ ታስታውሱታላችሁ፤ የሚለምነውን ወታደር። አባቴ መንገድ ዳር እንስራ ውኃና ዳቦ አስቀመጠ። ማን እንደሆነ አይጠይቅም። ከየትኛው ጦር ብሎም አይጠይቅም። ጠጣ፣ ብላ፣ እለፍ። የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የወንድሜን ስም። አንድ ቀን በሰኔ ወንድሜ ራሱ መጣ። እናቴ መጀመሪያ አላወቀችውም ነበር።

ይህን የምናገረው ከተማ ውስጥ ስንቀመጥ አንዳንዴ የምንሰማው ወሬ ስላለ ነው። የጀግና አባት ልጁን ለጦርነት ሲሸኝ ደስ ይለዋል የሚል። ጦርነትን የሚያውቅ ገበሬ እንዲህ አይልም። እኔ ቤት አልተባለም።

ስለ እኔም ትንሽ ልበል። ልጅ ሳለሁ ሽማግሌ ተልኮ ነበር። ጥሩ ቤተሰብ ነው፤ በሬም መሬትም ያላቸው። ዘመዱ ሁሉ ስጣት አለ። አባቴ ሽማግሌዎቹን በጠላና በዳቦ አስተናግዶ መለሳቸው። "እናቷ የባሏን ደብዳቤ በሰው አፍ ነው የሰማችው። እሷ በራሷ ዓይን ታንብብ" አላቸው። አረርቲ ቤት ተከራይቼ ስማር በየቅዳሜው በአህያ ስንቅ ይዞልኝ ይመጣል። ገበያ መጣሁ ይላል፤ ግን አብዛኛውን ቀን የሚሸጥ ነገር ይዞ አላየሁትም። ደብተሬን ይገልጣል። የገባውንም ያልገባውንም ያነባል። ሒሳብ ላይ ሲደርስ ይዘጋዋል።

ከ1983 በኋላ ስለ ጡረታ፣ ስለ ካሳ የሚጠይቁ ዘማቾች ነበሩ። መብታቸው ነው። ሚሊሻው ግን ገበሬ ተብሎ ስለተመዘገበ ደመወዝተኛ ወታደር አልነበረም። አባቴ ለምን አትጠይቅም ስለው "መሬቱ ይበቃኛል" አለኝ። እኔ አልተስማማሁም፤ አሁንም አልስማማም። ይገባው ነበር። እሱ ሳይጠይቅ ሊሰጠው የሚገባ ነገር ነበር። ዛሬ በሕይወት ያሉት የእሱ እኩዮች ሰባና ሰማንያ ዓመታቸው ነው። አንዳንዶቹ በዚህ ከተማ ዘበኛ ሆነው ነው ያረጁት። ለእነሱ ገና ጊዜ አለ፤ ብዙ ግን አይደለም።

በኋለኛው ዘመን የመሬት ይዞታ ደብተር ሲሰጥ፣ የባልና የሚስት ፎቶ ጎን ለጎን እንዲለጠፍ ታዘዘ። አባቴና እናቴ አረርቲ ሄደው ተነሱ። ከዚያ በፊት አብረው የተነሱት ፎቶ የላቸውም። አባቴ ያንን ደብተር ለመጣ እንግዳ ሁሉ ያሳያል። ካራማራ እንዴት ነበር ብለው ሲጠይቁት ደብተሩን ያመጣል። "ይቺ ናት ያቆየችው" ይልና የእናቴን ፎቶ በጣቱ ያሳያል።

ያረፈው በኅዳር፣ አጨዳ ሊገባ ሲል ነው። ሰማንያን አልደፈነም። ለቅሶው ላይ ቀረርቶ የሚያሰሙ መጡ፤ ፈከሩለት። እናቴ አልከለከለቻቸውም። ሲጨርሱ ግን ተነስታ እሷም ተናገረች። ስለ እርከኑ፣ ስለ ግራሩ፣ ስለ ማሽላው ቁና። ምድጃውን እንደጠበቀላት ሳይቀር ተናገረች። ወንዱ ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ሰማ። በሳምንቱ ደቦ ወጥቶ ጤፉን አጨደልን። ወንድሜ እንደነገረኝ፣ የግራው ዳር ላይ ማንም አልቆመም።

ከንግግሩ በኋላ አንድ ወጣት ጥያቄ አነሳ፤ መልሱን እዚህ ልጨምረው። "ከአባትሽ ጋር ከመንደራችሁ የዘመቱት ሌሎቹስ?" አለኝ። ሦስቱ ከሐረርጌ አልተመለሱም። ሌሎቹ ወደ ሰሜን አልፈው የቀሩበትን ቤተሰባቸው በትክክል አያውቅም። ሐዘን የተቀመጡት በግምት ነው። አባቴ ከማረፉ በፊት የሁሉንም ስም ከነአባታቸው አስቆጠርኩት። መሬታቸውን ማን እንዳረሰ፣ ልጆቻቸው የት እንዳሉም ጭምር። አብዛኛውን ያስታውስ ነበር። አንዳንዱን ስም ራሱ በግራ እጁ ጻፈልኝ። ዝርዝሩ ገና ጎዶሎ ነው። ስለዚህ ያን ዕለት ለታዳሚው ያልኩትን ለአንባቢም እላለሁ። በ1969 ከሚንጃርና ከሸንኮራ ታጠቅ የገባ አባት፣ አጎት ወይም አያት ካላችሁ፣ ስሙን፣ የመንደሩን ስምና በቤተሰቡ የቀረውን ወሬ ጻፉት። ተመልሶ ከሆነ ከዚያ በኋላ ምን እንዳረሰም ጻፉ። በሕይወት ካለ ደግሞ መጀመሪያ እሱን ጠይቁት፤ ስልካችሁ ላይ ቅዱት፣ ቁጭ ብላችሁ አስወሩት። ያን ምሽት በሩ አጠገብ ደብተሩን ይዤ ቆሜ ነበር። ከታዳሚው ጥቂት ሰዎች መጥተው አስመዝግበዋል፤ ከእነሱ አንዷ የአባቴን አሥር አለቃ የምታውቅ ሳትሆን አትቀርም። በሚቀጥለው ሳምንት ቤቷ ልሄድ ተቀጣጥረናል።